ወፍ ዘራሽ ችግኝ በጓሮ ሲበቅል

ዛሬ የምናወጋው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽነቱ ግን መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ክረምቱ ገብቶ መሬቱ ሲርስ ከጎመኑ መደብ መካከል፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ አንዳንዴም ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ማንም ያልተከለው ቡቃያ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ሁለት ቅጠል፣ ቀጥሎ አራት ቅጠል ያወጣል። እናንተም ልብስ ልታሰጡ ስትወጡ ታዩትና «ነገ እነቅለዋለሁ» ትላላችሁ። ነገ ሥራ አለ፤ ከነገ ወዲያ ልጅ ይታመማል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የዕድር ነው። በሦስተኛው ዓመት ያ ቡቃያ በእጅ የማይነቀል ዛፍ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ዓይነቱ ተክል አገራችን «ወፍ ዘራሽ» የሚል ስም አላት። ወይራንና ጥድን በእርግጥ ወፍ ይዘራቸዋል። ፍሬውን በልታ ከአጥራችን ላይ ስታርፍ ዘሩን ከኩሷ ጋር ትጥልልናለች። ባሕር ዛፍንና ኮሶን ነፋስ ያመጣቸዋል። ኮክን የሚዘሩት ደግሞ ፍሬውን በልተው ድንጋዩን ወደ ጓሮ የሚወረውሩት ልጆቻችን ናቸው። ይህንኑ ቃል አባቱ ላልታወቀ ሕፃን መስደቢያ የሚያደርጉ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ። ሕፃን በአወላለዱ የሚወቀስበት ምክንያት የለምና ቃሉን ለዛፉ ብቻ ብንተውለት ይበጃል።

ርእሱን ለማንሣት ያበቃኝ እናቴ ቤት ያየሁት ነገር ነው። እናቴ የምትኖረው በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ፣ በመካነ ሰላም ከተማ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን መንገድ የተጓዛችሁበት የዚያን አገር ብርድ አትረሱትም። መንገዱ መካነ ሰላምን አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርድና ጎጃም ይሻገራል። ከተማዋ ደጋ ናት፤ ጓሮዎቿም የደጋ ጓሮዎች ናቸው። ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጌሾ፣ ከአጥሩ ጥግ ደግሞ ጤና አዳም ይበቅልባቸዋል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በዚያ ክረምት አገሩ ሁሉ ችግኝ ተካይ ነበር። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ የተጀመረበት ዓመት በመሆኑ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። እናቴም ከሰፈሯ ሰዎች ጋር ወጥታ ስትተክል ዋለች። በማግሥቱ ጠዋት ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆማ ሽቅብ ስትመለከት አገኘኋት። «ትናንት ስተክል ውዬ ዛሬ ዛፍ ቁረጡልኝ ብል ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ።

ሽቅብ የምታየው ባሕር ዛፍ ነበር። ታሪኩን ጠየቅኋት። ከስምንት ዓመት በፊት ከጉልበቷ ሳይበልጥ አይታዋለች። ያን ጊዜ ባሕር ዛፍ መሆኑንም ልብ አላለችም። ቅጠሉ ሰፋ ያለና አመድማ ስለ ነበር ሌላ ተክል መስሏት «ለዶሮዎቹ ጥላ ይሆናል» ብላ ተወችው። በሦስተኛው ዓመት ለማገር ፈልጋው አስቆረጠችው። በቀጣዩ ክረምት በአንዱ ግንድ ፋንታ አራት ግንድ አቆጠቆጠ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ አራቱም ከቆርቆሮው በላይ ነበሩ። የማድ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ወደ ውስጥ ገፋ ብሎ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ የዝናቡ ውኃ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ከሥሩ የነበረው የጎመን መደብ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነበር። ዛፉ የበቀለው በእናቴና በጎረቤቷ ወሰን ላይ ነው። ጎረቤትየዋ ከአጥሯ ማዶ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ አላት። ሁለቱ ሴቶች አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም ሆነው፣ እኔ ከመወለዴ ጀምሮ ቡና ተጠራርተው የሚጠጡ ናቸው። ዛፉ ከፍ ብሎ አጣና የሚወጣው ሲሆን ግን ክርክር ተነሣ። ጎረቤትየዋ «ዘሩ ከእኔ ዛፍ የወረደ ነው፤ የእኔ ነው» አለች። እናቴም «ዘሩ ያንቺ ቢሆን የበላው የእኔን መሬት ነው፤ ያፈረሰውም የእኔን ግድግዳ ነው» አለች። ሁለቱም ሐቅ ነበራቸው። በዚህም ምክንያት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ቡናቸው ተቋረጠ። በወሎ ቡና ተቋረጠ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢዎቼ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በመጨረሻ ሽማግሌ ገባበት። አጣናው ለጎረቤትየዋ፣ ቅጠሉና ጭራሮው ለእናቴ፣ የቆራጮቹ ሒሳብ ግን ለሁለት እንዲከፈል ተፈረደ። ዛፉ በቆርቆሮው ላይ እንዳይወድቅ ሁለት ሰዎች በገመድ እየሳቡና በመጋዝ እየቆረጡ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀባቸው። ስለ ጉቶው ግን ሽማግሌዎቹ አንድም ቃል አልተናገሩም። ወንዶች ስለሆኑ ይመስለኛል። ጉቶው በእናቴ በኩል ቀረ።

ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እጅ ሊነቀል ይችል በነበረ ቡቃያ ምክንያት ነው።

ቡቃያውን በቅጠሉ መለየት

ማንኛውንም ቡቃያ ከመንቀል በፊት ማንነቱን ማወቅ ይገባል። የዛፍ ልጅነትና ጉልምስና መልኩ ስለሚለያይ እናቴን ያሳሳታት ስሕተት ብዙዎችን ያሳስታል። የነጭ ባሕር ዛፍ ቡቃያ ቅጠሉ እንደ ትልቁ ዛፍ ማጭድ የመሰለ አይደለም፤ ሰፋ ያለ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከግንዱ ጋር ያለ አገዳ የተጣበቀ ነው። ቀንበጡም በጣት ሲዳሰስ አራት ማዕዘን ነው። ከተጠራጠራችሁ አንድ ቅጠል ቀጥፋችሁ እሹና አሽትቱት፤ ጉንፋን በያዘን ጊዜ የምንታጠነውን ሽታ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

የሐበሻ ጥድ ቡቃያ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሚዋጋ ነው። የወይራ ቡቃያ ደግሞ ቅጠሉ ጠባብና ጠንካራ ነው፤ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን ገልብጣችሁ ስታዩት ወርቃማ ቡኒ ነው። ላባ የመሰለ በጣም የደቀቀ ቅጠል ያለው ዲከረንስ ይሆናል። ረዘም ያለ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ፣ ሲታሽ መራራ ሽታ ያለው ኮክ ነው። እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ ሰፊ ቅጠል ያለው ቡቃያ ደግሞ ጉሎ ነው። ጉሎ በደጋው ብዙ ባይገኝም በወይና ደጋ ከተሞች የቆሻሻ መድፊያ ባለበት ሁሉ ይበቅላል።

ስለ ጉሎ እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ፍሬውን ለምጣድ ማሰሻ የምትጠቀሙበት እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ዝንጉርጉር፣ እንደ ጌጥ የሚያምር ፍሬ ብርቱ መርዝ አለው። ልጅ አኝኮ ከዋጠው ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ የበቀለ ጉሎ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ፍሬ ሳይቋጥር መነቀል አለበት። ልጅ ፍሬውን ማኘኩን ካወቃችሁ ወተት ላጠጣው፣ ላስመልሰው እያላችሁ ጊዜ ሳታጠፉ፣ የቀረውን ፍሬ ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። የኮክን ድንጋይ ሰብሮ በውስጡ ያለውን መራራ ፍሬ መብላትም ጉዳት አለውና ልጆችን ከልክሏቸው።

ባሕር ዛፍ፣ ወዳጅና ባላጋራ

ባሕር ዛፍን ስወቅስ የዋልኩ እንዳይመስላችሁ። ስሙ እንደሚያመለክተው ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት እየራቃት የተቸገረች ከተማ ነበረች። ከተማይቱ በቦታዋ ልትጸና የቻለችው በአመዛኙ በዚህ ዛፍ ምክንያት ነው። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ውኃ ይመጥጣል ተብሎ በብዛት እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ እንደ ነበር ታሪክ ይነግረናል፤ ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም። ከዚያ በኋላ ስንት እናቶች ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ልጅ እንዳሳደጉ አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በወሎም ቢሆን በብዙ ቤት የልጅ ደብተር የሚገዛውና የለቅሶ ወጪ የሚሸፈነው ከአንድ ጥግ ባሕር ዛፍ በሚሸጥ አጣና ነው።

ስለዚህ ነገሩ የቦታ ነው። ከእርሻው ዳርና ከገደሉ አፋፍ ሀብት የሆነው ዛፍ ከግድግዳው ሥር፣ ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ወይም ከጎመኑ መደብ ራስጌ ሲበቅል ባላጋራ ነው። እርጥበቱንም ብርሃኑንም ይወስዳል፤ የሚያረግፈው ቅጠልም ቶሎ አይበሰብስም።

ባሕር ዛፍን ከሌሎች የሚለየው አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ቆርጣችሁት አለመሞቱ ነው። ከሥሩና ከግንዱ መጋጠሚያ፣ አፈሩ ጋ፣ እብጠት የመሰለ አንገት አለው። በዚያ እብጠት ውስጥ የተኙ ብዙ እንቡጦች አሉ። ከእብጠቱ በላይ በማጭድ ስትቆርጡት እነዚያ እንቡጦች ይነቃሉ፤ አንዱ ግንድ አራትና አምስት ይሆናል። አጣና ነጋዴ የሚወደው ይህን ጠባዩን ነው፤ የጓሮ ባለቤት የምታለቅሰውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ቀጭኑን ባሕር ዛፍ ማጨድ ማለት ማባዛት ማለት መሆኑን አትርሱ። መነቀል ያለበት ከነአንገቱና ከነሥሩ ነው።

ጥድ ከዚህ የተለየ ነው፤ ከሥሩ ከተቆረጠ በአብዛኛው አያቆጠቁጥም። ወይራ ግን ያቆጠቁጣል። ዲከረንስ ተቆርጦ ብዙም አያቆጠቁጥም፤ የእርሱ ተንኮል በዘሩ ነው። ዘሩ ጠንካራ ሽፋን ስላለው በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል። እሳት ሲነካው ደግሞ ሽፋኑ ይሰነጠቅና በአንድ ጊዜ ይበቅላል። በዲከረንስ ሥር ያለውን ቅጠል ሰብስቦ እዚያው የሚያቃጥል ሰው በሚቀጥለው ዝናብ መሬቱ በቡቃያ ተሸፍኖ ቢያገኘው አይደንቅም። ይህ ዛፍ በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በከሰል ንግድ ለብዙ ገበሬ እንጀራ ሆኗል፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዋግ መሰል በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው ከስሯል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ጥቁር ዋትል በደቡብ አፍሪካ ወንዞች ዳር ከሰው ቁጥጥር ውጭ በመስፋፋቱ የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995 እርሱንና መሰሎቹን የማስነቀል ትልቅ ፕሮግራም እስከ መጀመር ደርሷል። በዚያ ሥራ ከተቀጠሩት መካከል ብዙዎቹ ድሆች ሴቶች ናቸው። በእኛም አገር በ1970ዎቹ አካባቢ በአፋር የተተከለው ፕሮሶፒስ ፍሬውን በበሉት ከብቶች ፋንድያ እየተዘራ የግጦሽ መሬቱን እንዴት እንደ ወረሰው አርብቶ አደሮቹ በምሬት የሚናገሩት ነው።

እንዴት እንነቅለዋለን?

ከሁሉም የሚቀለው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጥሩ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ጠዋት፣ አፈሩ ለስልሶ ሳለ፣ ቡቃያውን አፈሩ ጋ በሁለት እጅ ያዙት። ከላይ ይዞ መጎተት ግንዱን ይበጥሰዋል፤ ሥሩም ይቀራል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝወዝ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት። ውፍረቱ ከእርሳስ ካልበለጠ በእጅ ይወጣል። አውራ ጣት ያህል ከሆነ በዶማ ዙሪያውን መፈንቀል ያስፈልጋል። መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲደርቅ ያው ቡቃያ ሦስት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃችኋል። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆናችሁ እናቶች ጊዜ እንደሚያጥራችሁ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በክረምት በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ጠዋት ሩብ ሰዓት በጓሮ መዞር ይበቃል። ልጆችንም አሳትፏቸው። የሰባት ዓመት ልጅ የባሕር ዛፍን ቡቃያ በሽታው ለመለየት ከአዋቂ ይፈጥናል፤ ደስም ይለዋል።

የተነቀለውን በእርጥብ አፈር ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ መልሶ ሥር ሊይዝ ይችላል። አፈሩን አራግፋችሁ ከድንጋይ ላይ አስጡትና ሲደርቅ ለእሳት ማያያዣ ይሁናችሁ። የተነቀለበትን ባዶ መሬት ደግሞ ገለባ ወይም የታጨደ ሣር አልብሱት። የባሕር ዛፍ ዘር የደቀቀ ስለሆነ በቀላሉ የሚበቅለው በተራቆተ አፈር ላይ ነው፤ የተሸፈነ መሬት ላይ ብዙ ዕድል የለውም።

ዛፉ ክንድ ያህል ወፍሮ ካመለጣችሁስ? እናቴ ከዚያ ጉቶ ጋር ያደረገችውን ትግል ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያገኘችው ምክር ነጭ ጋዝና ጨው እንድታፈስበት ነበር። ይህ ምክር በየሰፈሩ ይሰማል፤ ጉቶውን ይገድለው እንደሆነ እንጃ እንጂ የጓሮውን አፈር በእርግጥ ያበላሻል፤ አጠገቡ የውኃ ጉድጓድ ካለም ወደዚያው ይወርዳል። እናቴም ለጎመኗ ስትል ተወችው። ቀጥላ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጣውን ቀንበጥ በእጇ እየሰበረች መጣል ጀመረች። ይህ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ቅጠል ያላገኘ ሥር ቀስ በቀስ ይራባል። ዳሩ ግን ደሴ ልጇ ጋ አራስ ጥየቃ ሄዳ ሁለት ወር ቆይታ ስትመለስ ቀንበጡ ወገቧ ደርሶ አገኘችው። እንደገና ተጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ሠራተኛ ቀጥራ በጉቶው ዙሪያ አፈሩን አስቆፈረችና ቅርፊቱን ከአፈር በታች ድረስ በመጥረቢያ አስላጠችው፤ ከዚያም ላዩን በጥቁር ላስቲክና በአፈር አለበሰችው። አልፎ አልፎ የሚወጣውን ቀንበጥ መስበሩን ግን አላቋረጠችም። በሦስተኛው ዓመት ጉቶው ሞተ። ከግድግዳ አጠገብ ባይሆን ኖሮ እሳት ሊነድበት ይችል ነበር፤ ከቤት ሥር ግን ይህን እንዳትሞክሩት።

ከገበያ የአረም መድኃኒት ገዝተው ጉቶውን የሚቀቡም አሉ። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ባለሙያ ጠይቁ፤ ጓንት አድርጉ። ከሁሉም በላይ ግን የተረፈውን በሃይላንድ ፕላስቲክ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ። ልጅ ውኃ ነው ብሎ የሚጠጣው ከዚያ ነው።

ግቢ የሌላችሁ፣ በኪራይ ቤት የምትኖሩ አንባቢያን ይህ አይመለከተንም እንዳትሉ። በአሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ቅጠልና አቧራ አፈር ሆኖ ግራቪሊያ ሲበቅልበት አይቻለሁ። ሥሩ ውኃውን አግዶ ኮርኒሱን ያበሰብሰዋል። በድንጋይ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ወፍ የጣለችው የሾላ ወይም የዋርካ ዘር ይበቅላል። ሲጀምር ክር የመሰለ ሥር ያለው ነው፤ እየቆየ ግን ድንጋይ ከድንጋይ ይለያል። ክር ሳለ ስቡት፤ ስንጥቁንም ወዲያው በሲሚንቶ ወይም በጭቃ ድፈኑት። ቤቱ የአከራይ ነው ብሎ መተው አያዋጣም፤ ዝናቡ የሚያርሰው የእናንተን አልጋ ነው።

የማይነቀለው

እስካሁን ስለ መንቀል ተናገርኩ። ነገር ግን ከመካነ ሰላም ብዙም የማይርቅ ደንቆሮ ጫካ የሚባል ደን አለ። በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተሰየመው ይህ ነው። ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና የምኒልክ ድኩላ የሚኖሩበት፣ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና አስታ የሚበቅሉበት ደን ነው። በአካባቢው ከእርሱና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢዎች በቀር የአገር በቀል ዛፍ ያለበት ቦታ ጥቂት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ለይቶ የከለከለው እነዚህ ዛፎች እየጠፉ በመሄዳቸው ነበር። እንግዲህ ወፍ ከእንዲህ ያለ ቦታ ዘር አምጥታ በጓሯችሁ ወይራ ብትዘራ፣ ቦታው የማይመች ስለሆነ ብቻ ነቅሎ መጣል ያሳዝናል። በችግኝ ጣቢያ ወይራንና ጥድን ከዘር አብቅሎ ለተከላ ማድረስ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ወፏ ግማሹን ሠርታላችኋለች።

ማዛወሩ ቀላል ነው። ቡቃያው አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ ሥሩ ሳይጠልቅ መሆን አለበት። በዋዜማው ማታ ውኃ አጠጡት። በማግሥቱ ጠዋት ወይም አመሻሹ ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በአሮጌ ቢላዋ ዙሪያውን ቆርጣችሁ ከነአፈሩ አንሡት፤ አፈሩ ከሥሩ እንዳይረግፍ ተጠንቀቁ። ከታች በሚስማር የተበሳ የዘይት ወይም የወተት ጣሳ፣ ወይም የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ለጥቂት ሳምንታት በግድግዳ ጥላ ሥር አኑሩት፤ ከዚያ ቀስ እያደረጋችሁ ፀሐይ አለማምዱት። በየጊዜው ጣሳውን ከመሬት አንሡት፤ አለዚያ ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ መሬት ይይዛል። በሚቀጥለው ክረምት በሐምሌ ወደ ቋሚ ቦታው ይሄዳል። ዙሪያውን እሾህ እጠሩበት፤ ፍየል ወይራን ከምንም አስበልጣ ትወዳለች። ወይራ ሲያድግ ቅርንጫፉ ለመፋቂያ፣ ጭሱ ለጠላ ጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል።

የኮክ ቡቃያም እንዲሁ ሊዛወር ይችላል። ከድንጋዩ የበቀለ ኮክ ፍሬው እንደ እናቱ ላይጣፍጥ ይችላል፤ ነገር ግን የተሻለ ዝርያ ለማዳቀል ጥሩ መሠረት ይሆናል። ማዳቀል የሚያውቅ የግብርና ሠራተኛ በአካባቢያችሁ ካለ ጠይቁት።

በጎረቤት ወሰን ላይ የበቀለውን በተመለከተ ከእናቴ ቤት ያገኘሁት ትምህርት አንድ ነው። ቡቃያው ጣት ሳያህል ጎረቤትን ጠርቶ ማሳየት ነው። ጣት የሚያህል ዛፍ ማንም የእኔ ነው ብሎ አይከራከርበትም። አጣና ከወጣው በኋላ ግን ዘሩም፣ መሬቱም፣ ጥላውም ባለቤት ይመጣለታል።

እናቴና ጎረቤቷ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቡናቸውን ቀጠሉ። አሁን ክረምት በገባ ቁጥር ሁለቱ አብረው አጥሩን ይዞራሉ ይባላል፤ እኔ አላየሁም፤ ታናሽ እኅቴ ናት የነገረችኝ። ባለፈው ክረምት ከአጥሩ ሥር ሦስት የወይራ ቡቃያ አግኝተው በወተት ጣሳ አዛወሩ። አንዱን ጎረቤትየዋ ወስዳ ከበሯ ፊት ተከለችው። አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ሦስተኛው እናቴ ደጃፍ ላይ አለ። ሰሞኑን በስልክ «ሥሩ በጣሳው ቀዳዳ እንዳይወጣ አንሥተሽ እይው» ብላት፣ «አንሥቼው ነበር፤ አልነሣም አለኝ» አለችኝ።